ድንቅነሽና የእንጨት ዓሣዎቹ

ድንቅነሽን የማውቃት ከሥራ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ጀርባ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሷና እኔ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሠርግ ካርድ ስናጥፍ፣ የምረቃ መጽሔት ስንሰበስብ፣ ሪባን ስንቋጥር ኖረናል። ዝምተኛ ናት። ሌሎቻችን ስናወራ እጇ አይቆምም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ቀና ብላ «እሱስ እውነት ነው» ትልና ወደ ካርዷ ትመለሳለች።

ጌጃ ሰፈር ነው የምትኖረው፣ ከባለቤቷ ከጋሽ ወልደአማኑኤል ጋር። አንድ ልጃቸው ሶሲ አግብታ ድሬዳዋ ገብታለች። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን የገፉት በሹፌርነት ነው፤ ለአንድ የጉዞ ድርጅት ቱሪስት እየጫኑ ደቡብን ሲያዳርሱ። ከቱሪስቶቹ መካከል ዓሣ ለማጥመድ ብቻ የሚመጡ ነበሩ። ጋሽ ወልዴ እነሱን ጫሞ ወይም ላንጋኖ ያደርሱና ጀልባው እስኪመለስ ዳር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ታዲያ አንዱ ፈረንጅ መሃሉ የተሰነጠቀ የማጥመጃ ዓሣ ሊጥል ሲል «ለኔ ስጠኝ» ብለው ተቀበሉት። ከእንጨት የተጠረበ፣ ሆዱ ሥር መንጠቆ የተንጠለጠለበት፣ ውሃ ውስጥ ሲጎትቱት ትልቁ ዓሣ እውነተኛ ትንሽ ዓሣ መስሎት የሚውጠው ነገር ነው። ያ ስባሪ ልባቸውን ወሰደው። ቤት አምጥተው ፈታተው አዩት፤ ከዋንዛ ቁራጭ አስመስለው ጠረቡ፤ ሌላ ጠረቡ፤ በዚያው ቀሩ። ጡረታ ሲወጡ ሥራቸው ይኸው ሆነ። ገዢም አላጡም፤ ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ የማጥመጃ ዘንግ ይዞ ሐይቅ የሚወርደው ሰው ከሚገመተው በላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንጨቱን የሚያለብሱት የቸኮላት ወረቀት ነበር። በኋላ ማተሚያ ቤታችን ለሠርግ ካርድ የሚሆን ሆሎግራም ፎይል ማስመጣት ሲጀምር፣ ያ ዞር ሲያደርጉት ቀስተ ደመና የሚረጨው ማለቴ ነው፣ ድንቅነሽ አለቃችንን አስፈቅዳ ከጥቅሉ ጫፍ የሚቀረውን ቁርጥራጭ ይዛላቸው መግባት ጀመረች። ጋሽ ወልዴ ያን ቀን እንደ ሕፃን ነው የሆኑት አለችኝ። «ላንጋኖ ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ነው» ብለው አስረዷት፤ «እዚያ ውስጥ ቀለም ብትቀቢ ባትቀቢ ማን ያየዋል? የሚታየው ብልጭታ ብቻ ነው።» እሷ ግን ከማምጣቱ በላይ ነገሩ ውስጥ አልገባችም። እንዲያውም የቫርኒሹ ሽታ ራሷን ስለሚያማት በረንዳ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ እንዲሠሩ አትፈቅድም ነበር።

ከዚያ ጋሽ ወልዴን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ሆስፒታል ቆይተው ሲወጡ ድንቅነሽ በግማሽ ዕድሜዋ ያረጀች መስላ ነበር። ጠዋት አጥባቸው፣ አብልታቸው፣ መስኮት ዳር አስቀምጣቸው ወደ ሥራ ትመጣለች፤ ምሳ ሰዓት ሮጣ ሄዳ ደግፋ ሽንት ቤት ትወስዳቸውና ሮጣ ትመለሳለች። ማታ ደግሞ እንደገና። ከሥራዋ ሁሉ ይልቅ ግን የከበዳት፣ ጋሽ ወልዴ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ካርቶን ቀኑን ሙሉ ትክ ብለው ማየታቸው ነበር። ካርቶኗ ውስጥ ከመታመማቸው በፊት ጠርበው የጨረሷቸው፣ ገና ምንም ያልለበሱ የእንጨት ዓሣዎች ነበሩ።

«ልስጣቸው ለሰው?» አለቻቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይሆንም።

«ታዲያ ምን ላድርጋቸው?»

በደህናው እጃቸው ጣት እሷን ጠቆሟት።

እንዲህ ነው የጀመረችው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። እንጨቱ በአሸዋ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ውሃ እንዳይጠጣ ቫርኒሽ ይጠጣል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ፎይሉ የሚጣበቀው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ተለጥፎ ስለሚመጣ እንጨቱ ላይ አድርጎ በአውራ ጣት ማሸት፣ ከዚያ ፕላስቲኩን መላጥ ነው። የሚያብረቀርቀው እንጨቱ ላይ ይቀራል። ሰዓቱ ነው ችግሩ። ቫርኒሹ እርጥብ ሆኖ ከለጠፉበት ፎይሉ ይደበዝዛል፣ ይሰነጣጠቃል። ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ አይዝም፤ ዓሣው ለምጥ የያዘው ይመስላል። ልኩ የጣት ጀርባ ሲያስነኩት ሊይዝ ብሎ ሲለቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተበላሹ። እሷ ታሻለች፣ ትልጣለች፤ እሳቸው በተሳሰረ አንደበታቸው ይጮሃሉ።

«ቸ… ቸኮልሽ!»

«አልቸኮልኩም። አንተ ነህ ቶሎ በዪ ያልከኝ።»

«ጣ… ጣትሽን… ጀርባ! ጀርባውን!»

«ጀርባውን ነው የነካሁት፣ ወልዴ! አይንህም ከዳህ?»

ይህን ብላ ለራሷ ደነገጠች። ጋሽ ወልዴ ግን ከታመሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ያ የተጣመመ ፊታቸው በአንድ ወገን ሳቀ። በነጋታው ሥራ ላይ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ሳቀ እኮ፣ ኮከቤ» አለችኝ።

ያ ሳቅ ነው ያሠራት። እየለመደች መጣች። የዓሣ ቅርፊት እንዲመስል ወንፊት አስደግፋ ጀርባውን ጥቁር ቀለም መንፋት፣ ሆዱን ነጭ ማድረግ፣ ዓይን መትከል፣ በመጨረሻም ሁለት ዓይነት ሆኖ የሚቀላቀለውን ወፍራም ሙጫ ከላይ ማልበስ ቻለች። ሙጫው እስኪጠነክር ዓሣዎቹ መዞር አለባቸው፣ አለዚያ ወደ ታች ይወርድና ሆዳቸው ላይ ይጠራቀማል። ጋሽ ወልዴ ለዚህ ከተበላሸ ማይክሮዌቭ ያወጡትን ሞተር ከሽቦ ጋር አስረው፣ ዓሣዎቹ ተሰክተውበት ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ነገር ሠርተው ነበር። እንደ ዶሮ ጥብስ ነው የሚዞሩት።

የሳቸው ነፍስ በዚህ ተመለሰች፤ የሷ ግን ወጣች። ገዢዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ ከሁሉም በላይ የሚመላለሰው በከር የሚባል፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሙ ሥር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ለጋሽ ወልዴ የቆየ ወዳጅ የሆነ ሰው ነው። እሱ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ከሳቸው ጋር ስለ ሐይቅ ያወራል፣ ወጣ ሲል ደግሞ «ጋሽ ወልዴ፣ ለሚቀጥለው ትንሽ ጨመር አድርጉልኝ» ይላል። ጋሽ ወልዴ እሺ ይላሉ። ማን እንደሚሠራው ግን ከሁለቱ አንዳቸውም የሚያስቡት አይመስልም።

ድንቅነሽ ሥራ ላይ ታንቀላፋ ጀመር። የሠርግ ካርድ አጥፋ፣ እጥፋቱን ለምትጫንበት የአጥንት ቁራጭ እጇን ስትዘረጋ አንገቷ ይወድቃል። አለቃችን ሲገባ በጉልበቴ እነካታለሁ። ጣቶቿ ጫፋቸው በቫርኒሽ ደርቆ ይላጣል። የካርዱን ወረቀት እንዳታቆሽሽ ጓንት ማድረግ ጀመረች።

«ተይው እንግዲህ፣ ድንቄ» አልኳት አንድ ቀን። «አንቺስ ሰው አይደለሽም?»

«እሱ ከዚህ ሌላ ምን አለው?»

«አንቺስ ምን አለሽ?»

ካርዷን አጠፈች።

በጋው ላይ በከር ትልቅ ነገር አመጣ። ከጓደኞቹ ጋር ላንጋኖ ሊወርዱ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ዓሣ ይፈልጋል። ጋሽ ወልዴ በደስታ ምላሳቸው እንኳ የተፈታ መሰለ። ድንቅነሽ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትገባ ቁጭ እያለች ለጠፈች፣ ነፋች፣ ቀባች። ቅዳሜ ከሰዓት ሙጫውን አልብሳ ሁሉንም ሽቦው ላይ ሰካች፤ ሞተሩን አስነሳች። መዞር በጀመሩ ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ሙጫው እየጠነከረ ነው፤ ማቆም አይቻልም። ጋሽ ወልዴ ከመኝታ ቤት ሆነው በእጅ አዙሪው አሏት። በርጩማ ስባ ሽቦውን በእጇ ማዞር ጀመረች። ዞረ፣ ዞረ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ዓሣዎቹ ላይ ሲያርፍ ግድግዳው በሙሉ በቀለም ይንቀሳቀሳል፤ ያ ብርሃን ወዲያ ወዲህ ሲል ማየቱ ራሱ እንቅልፍ ይጋብዛል ነው ያለችኝ። ጋሽ ወልዴም እዚያው ጋደም እንዳሉ ነበር። ሰው ጠርቶ ያስነሳት የለም። ነቅታ ስታይ ጭንቅላቷ ግድግዳው ላይ፣ እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ሽቦው ቆሟል። ሙጫው የሁሉንም ሆድ አሳብጦ ደርቋል። ከጫፉ ላይ ያለች አንዲት ብቻ፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ደህና ሆና ተርፋለች።

መጮህ ነበረባቸው፣ እሷም ጩኸቱን ተዘጋጅታ ጠብቃለች። ጋሽ ወልዴ ግን አንዱን በግራ እጃቸው አንስተው ሆዱን በአውራ ጣት ዳሰሱና መልሰው አስቀመጡት። ያ ዝምታ ከጩኸት ባሰባት።

ሰኞ ጠዋት ለበከር ደወለች። «ተበላሽተዋል፣ አቶ በከር። ሌላ ለመሥራት ጊዜም አቅምም የለኝም።»

በከር ደነገጠ። ከዚያ «እትዬ ድንቅነሽ፣ ያው እንዳሉ ይዘናቸው እንሂድ» አላት። «እንደውም እርስዎና ጋሽ ወልዴም አብራችሁን ውረዱ። ሐይቅ ካዩ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

እሷ መሄዱን አልፈለገችም። አሳጥቦ፣ አልብሶ፣ ደግፎ መኪና ላይ ማውጣት፣ ማውረድ። የጋሽ ወልዴን ፊት ስታይ ግን እንቢ ማለት አቃታት። «አንቺም ካልመጣሽ ብቻዬን አልችለውም» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እሁድ ገና ሳይነጋ በበከር ፒካፕ ወጣን። ጓደኞቹ በሌላ መኪና ቀድመዋል። ጋሽ ወልዴ ፊት ተቀምጠው፣ መንገዱን ከሹፌሩ በላይ እያወቁ፣ በግራ እጃቸው «እዚህ ጋ ቀስ» ይሉታል። ድንቅነሽ ከኋላ መስታወቱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። ይኼን ሁሉ ዓሣ ስታለብስ ሐይቅ ዳር ቆማ አታውቅም። አዳማ ደርሳ ተመልሳለች እንጂ ከዚያ በታች ወርዳ አታውቅም።

ላንጋኖ ደርሰን፣ በከርና እኔ ጋሽ ወልዴን ደግፈን ዳር ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ውሃው እንዳሉት ነው፤ ሻይ በወተት። በከር ካበጡት አንዱን ከዘንጉ ጋር አስሮ ወረወረ። ስቦ ሲያመጣው ዓሣው በጎኑ ተኝቶ እንደ በድን እየተንሳፈፈ መጣ። ሌላ ሞከረ፤ እሱም በጎኑ። ጓደኞቹ ሊስቁ ጀምረው በከርን አይተው ተዉት።

«ያቺን ደህናዋን» አሉ ጋሽ ወልዴ።

በከር አሰራትና ዘንጉን ለድንቅነሽ ሰጣት። «እርስዎ ይወርውሩ፣ እትዬ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ።»

ይዛ አልወረወረችውም፣ ጣለችው ቢባል ይሻላል፤ አጠገባችን ነው የወደቀችው። በከር እንዳሳያት የዘንጉን ክር መጠቅለያ እያዞረች ሳበች። ዳሩ ጋ ውሃው ሳሳ ብሎ ስለነበር ዓሣዋ ስትመጣ አየናት። እየተወዛወዘች፣ ወዲህ ስትል ብርሃን፣ ወዲያ ስትል ጨለማ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ እንደገና ብርሃን። እኔ ራሴ ነፍስ ያላት መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። ድንቅነሽ አፏን ከፍታ ቀረች። ማዞሩን ረስታው ዓሣዋ ሰመጠች።

«እንዲህ ናት እንዴ?» አለች።

«እንዲህ ናት» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ዓሣ ግን አልያዘችም። ደጋግማ ጣለች፣ በከርም ሲወረውርላት ቆየ፣ ምንም። በመጨረሻ ከጓደኞቹ አንዱ በትል አንድ አምባዛ አወጣ። የዚያን ቀን ከሐይቁ የወጣው ዓሣ ይኸው ነው።

ምሳ ሲሆን ድንቅነሽ ከግራር ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ጋደም አለች። ምሳ በልተን ጨረስን፣ ሻይ ጠጣን፣ ፀሐይዋ ዞረች፣ እሷ አልነቃችም። ጋሽ ወልዴ ወንበራቸውን አጠገቧ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። ዝንቡን በግራ እጃቸው ባለው ጋዜጣ ሲያባርሩላት ቆዩና፣

«ኮከቤ… ሁልጊዜ… እንዲህ ትተኛለች?» አሉኝ።

«እንዲህ የምትተኛበት ጊዜ ከየት አግኝታ፣ ጋሼ? ሥራ ቦታ ግን ቁጭ እንዳለች ታንቀላፋለች። አለቃችን እንዳያያት እኔ ነኝ የምቀሰቅሳት።»

«ለኔ… አልነገረችኝም።»

«አትነግርዎትም።»

በከር መሽቶብናል ብሎ ሊቀሰቅሳት ሲሄድ ጋዜጣውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት። ጓደኞቹ ቀድመው ሄዱ። እኛ ተቀምጠን ጠበቅናት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በራሷ ጊዜ ነቃችና፣ የት እንዳለች ስላላወቀች ደንግጣ ተነሳች። «ምነው አትቀሰቅሱኝም!» ብላ ተቆጣችን፤ ፊቷ ላይ የነጠላው ጥለት ታትሞበታል።

ስንመለስ፣ መቂን አለፍ እንዳልን ከኋላ ወንበር ተናገረች። «ወልዴ።»

«አቤት።»

«ከዛሬ ወዲያ አልሠራም። እጄም፣ ወገቤም አልቻለም። ብትቆጣም ተቆጣ።»

ጋሽ ወልዴ መንገዱን እያዩ «እሺ» አሉ።

እሺ ማለት እንዲህ ቀላል አልነበረም። የሚቀጥሉትን ሳምንታት ጋሽ ወልዴ እንደገና ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ካርቶን ማየት ጀመሩ፤ ትንሽ ነው የሚበሉት፣ ከአንድ ቃል በላይ አይናገሩም። ድንቅነሽ ሥራ ላይ አይታኝ «ገደልኩት መሰለኝ» አለችኝ። አንድ ቀን አላስቻላትም፤ ከሥራ ስትገባ ፎይሉንና ቫርኒሹን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፣ ጓንቷን አጠለቀች።

«መልሺው» አሏት።

«ምንም አልል፣ አንዲት ብቻ ልሥራልህ።»

«መልሺው፣ ድንቄ። ከፍቶኝ ነው። ያልፍልኛል።»

ይህን የሚያህል ረጅም ንግግር ከታመሙ ወዲህ ሰምታ አታውቅም ነበር። መለሰችው።

በከር ሲመጣ እሷ ኩሽና ነበረች፤ የቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነውና ወሬ ሁሉ ይሰማል። በከር እንደ ልማዱ ስለ ሐይቁ ካወራ በኋላ፣ ዘወር አድርጎ፣ ጓደኞቹ ያቺን ደህናዋን አይተው ልባቸው እንደቀረ፣ ለክረምቱ መግቢያ ትንሽ ብትሠሩላቸው ብሎ ጠየቀ። ድንቅነሽ ምጣድ እያጠበች እጇን አቁማ አዳመጠች።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ጥቂት ብትሆን እንኳን…»

«ድንቄ ደክሟታል። ሥራው… የኔ ነበር። የሷ አይደለም።»

«ልክ ነዎት፣ ጋሽ ወልዴ» አለ በከር። «እኔም ማፈር ነበረብኝ።» ያመጣውን ሙዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወንበሩን ሳብ አደረገና ስለ ሌላ ነገር ቀጠለ፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ።

አሁንም በከር ይመጣል፣ ለወሬ ብቻ። የሚፈልገውን መርካቶ ከመጣ የቻይና ዕቃ ይገዛል፤ አይይዝም ይላል፣ ግን ይገዛል። ጋሽ ወልዴ ግራ እጃቸውን ለመጻፍ እያስለመዱ ነው፤ ለሶሲ ደብዳቤ ለመላክ ይመስለኛል፣ ጠይቄያቸው አላውቅም። ድንቅነሽ ደግሞ አላረፈችም፤ ሥራውም ያው ነው፣ ማጠብ ማብላቱም ያው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ብሄድ በሩን የከፈተልኝ የለም፤ ገፋ ስለው ተከፈተ። ጋሽ ወልዴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝ። ድንቅነሽ አልጋው ላይ፣ በሥራ ልብሷ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኝታለች። ጫማዋን ቀስ ብዬ አወለቅኩላትና ወጣሁ።